ሲቪ ልኮ መጠበቅ ወይስ ሥራ አሳይቶ መጠበቅ? የጀማሪ ቴክ ሥራ ማመልከቻ መንገዶችን ስገመግም

ፍርዴን ላስቀድም፤ ጊዜ የሌለው ሰው እዚሁ ጋ ይውረድ። ለጀማሪ የቴክኖሎጂ ሥራ ከሚያመለክቱባቸው መንገዶች ሁሉ ልፋቴ የማይቆጨኝ መጀመሪያ አሠርተው ቀጥሎ የሚመርጡት ላይ ነው። በተለይ አውትሪቺ የሚባለው፣ ከርቀት የሚሠራ ተከፋይ ኢንተርንሺፕ። ሌሎቹ ደረጃቸው ይለያይ እንጂ፣ አብዛኞቹ ሲቪ ተቀብለው ዝም የሚሉ ናቸው።

የምለካቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ባይቀበሉኝ በእጄ ምን ይቀራል? ምንም የማይቀር ከሆነ ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር ውሃ ወቀጣ ነው። የሚቀር ነገር ካለ ግን አለመመረጡ ራሱ ያን ያህል አያንገበግብም።

ማን ነሽ ለምትሉ፦ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ኮድ የለመድኩት ማታ ማታ፣ በነፃ ትምህርቶች ነው። ዲግሪዬ ላይ ኮምፒውተር የሚል ቃል የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በር ለሚያንኳኳ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ብቻውን ኢንተርቪው የሚያስጠራው ሰው ሌላ ግምገማ ይፈልግ። ዓመተ ምሕረቶቹንና ወሮቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ፎርሞቹ ሁሉ የሚሄዱት በዚያ ነው።

ከሥራ ማስታወቂያ ገጾች ልጀምር፤ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሊንክድኢን በ2003 ተከፈተ፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ኢንዲድ የመጣው በ2004 ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች ገቢያቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከቀጣሪ ነው፣ ከእኔና ከእናንተ አይደለም። ይህን ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። ቀጣሪው ብዙ አመልካች ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማመልከት በጣም ይቀላል። በአንድ ጠቅታ ያልቃል። ደስ ይላል። ግን ለእኔ የቀለለው ለሁሉም ቀሏል። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ የላክሁትን ሌላውም ተጋድሞ ልኮታል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ክምር ይጠብቀዋል።

ደግሞ "ጀማሪ" የሚለው ማጣሪያ አለ። ጀማሪ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ማስታወቂያውን ትከፍታላችሁ፣ ወደ ታች ስትወርዱ "ቢያንስ የሦስት ዓመት ልምድ" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ! በአንዱ ገጽ ላይ ደግሞ (ስሙን አልጠራም) ያመለከትኩበት ማስታወቂያ ምንም መልስ ሳልሰማ ከሳምንታት በኋላ "አዲስ" የሚል ምልክት ተለጥፎበት መጣ። አንድም ቃል አልተቀየረም። ሰው ቀጥረው ሄዶባቸው ይሁን፣ ድሮውንም የሚቀጥሩት ሳይኖር ይሁን እንጃ።

አንድ ነገር ላይ ግን እነዚህን ገጾች አመሰግናቸዋለሁ። ከማመልከቻነት ይልቅ ለንባብ ግሩም ናቸው። የምትፈልጉትን የሥራ መደብ ስም ጻፉ፣ ማስታወቂያዎቹን ገልብጣችሁ አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ የሚደጋገመውን ቃል እዩ። ጁኒየር ዌብ ዴቨሎፐር ብዬ ስሞክረው ጃቫስክሪፕት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ያልጠበቅኩት ጊት በየማስታወቂያው መገኘቱ ነው። ብዙ የኦንላይን ኮርስ ላይ መጨረሻ ላይ እንደ ምርቃት የሚነካው ያ ጊት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ብሎ የፈጠረው፣ የኮድ ለውጥን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ዛሬ በቡድን ኮድ የሚጽፍ ሰው ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። የሄልፕ ዴስክ፣ ማለትም የኮምፒውተር ድጋፍ፣ ሥራ የሚፈልግ ጓደኛዬ ይህንኑ ሲያደርግ ደግሞ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች የሚተዳደሩበት የማይክሮሶፍት ሥርዓት) እና "ቲኬት" (ተመዝግቦ የሚመጣ የእርዳታ ጥያቄ) የሚሉት ቃላት ተደጋገሙበት። ምን ልማር ብሎ ግራ ለገባው ሰው ከዚህ የተሻለ ነፃ ሥርዓተ ትምህርት አላውቅም።

ለማመልከቻነት ሁለት ኮከብ፣ ለንባብ አራት።

ቀጥሎ የየድርጅቱ የራሱ ማመልከቻ ገጽ አለ። እዚህ ጋ ትንሽ ልማረር ፍቀዱልኝ። አካውንት ክፈቺ ይላል። ፓስወርድሽ ትልቅ ፊደል ይኑረው፣ ቁጥር ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው ይላል። እሺ። ሲቪሽን ጫኚ ይላል። ጫንኩ። ከዚያ ሲቪው ላይ ያለውን ሁሉ እንደገና በየሳጥኑ ሙዪ ይለኛል! ሙሉውን ባዶ ቢሰጠኝ እንኳ ይሻል ነበር። ራሱ አንብቦ ሊሞላልኝ ይሞክራልና፣ አንዴ "የቀድሞ ቀጣሪ" በሚለው ሳጥን ውስጥ "ኤክሴል፣ ኤስኪውኤል" ብሎ ሞልቶልኝ አገኘሁት (ኤስኪውኤል የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ነው)። ኤክሴል ቀጥሮኝ ያሠራኝ አስመሰለው።

የዚህ ምክንያቱ ግን ይገባል። የእኔ ሲቪ ያኔ ሁለት ዓምድ ነበረው፦ በግራ ክህሎት፣ በቀኝ የሥራ ልምድ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ቆንጆ ንድፍ። ፋይሉን የሚያነብ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ዓምድ የሚባል ነገር አይገባውም፤ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። ስለዚህ ክህሎቱ ከድርጅቱ ስም ጋር ይቀላቀላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የሲቪያችሁን ፒዲኤፍ ክፈቱ፣ ሁሉንም ምረጡና ኮፒ አድርጉ፣ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። እዚያ ላይ ተዘበራርቆ ከታያችሁ ለእነሱም ተዘበራርቋል። አንድ ዓምድ፣ ተራ ርዕሶች፣ ስልክና ኢሜይል ደግሞ በገጹ ራስጌ ውስጥ ሳይሆን በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ። አያምርም፤ ይነበባል።

ደግሞ "ማሽኑ ነው የጣለኝ" የሚል ወሬ በየቦታው አለ። እኔ በግማሹ ነው የምስማማው። እነዚህ ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ማመልከቻ ማስቀመጥ፣ መፈለግና መደርደር ነው። ቀጣሪው "ኤስኪውኤል" ብሎ ሲፈልግ ቃሉ ያለበት ሲቪ ይወጣለታል፣ የሌለበት አይወጣም። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃል እንደተጻፈ ተጠቀሙ፤ የምታውቁት ከሆነ ማለቴ ነው። በራሱ ወዲያው የሚጥለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፦ "የሥራ ፈቃድ አለሽ ወይ?"፣ "በዚህ ሰዓት መሥራት ትችያለሽ ወይ?" የሚሉት የአዎ ወይም የአይ ጥያቄዎች። እነሱን እያዛጋችሁ አትሙሉ።

በእጅ የሚቀረው? የተስተካከለ ሲቪ፣ እና የማታስታውሱት የፓስወርድ ብዛት። ለሲቪው ስል አንድ ኮከብ ተኩል።

የኮድ ፈተና ገጾች ሦስተኛ ናቸው። ሃከርራንክ፣ ኮዲሊቲ እና የመሳሰሉት፣ ለልምምድ ደግሞ ሊትኮድ። ብዙ ሰው ይጠላቸዋል፣ እኔ ግን አልጠላቸውም። ቢያንስ የሚጠይቁኝ ምን መሥራት እንደምችል ነው፤ የት ተማርሽ አይሉኝም። ፊዝበዝ የምትባለውን ውሰዱ። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች አትሚ፤ ለ3 በሚካፈለው ቦታ "ፊዝ"፣ ለ5 በሚካፈለው ቦታ "በዝ"፣ ለሁለቱም በሚካፈለው ቦታ "ፊዝበዝ" ጻፊ ይላል። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን መጀመሪያ "ለ3 ይካፈላል ወይ?" ብሎ የጠየቀ፣ ቀጥሎ "ካልሆነስ ለ5?"፣ መጨረሻ ላይ "ካልሆነስ ለሁለቱም?" ያለ ሰው 15 ላይ ሲደርስ "ፊዝ" ብቻ ብሎ ያልፋል። የመጨረሻው ጥያቄ ጋ መቼም አይደርስም። ቅደም ተከተል ማለት ምን እንደሆነ እንደዚህች ጥያቄ ያሳየኝ የለም።

የሚያናድደው ድብቁ ፈተና ነው። የሚታዩት ምሳሌዎች ሁሉ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ "ላኪ" ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ያላያችኋቸው ፈተናዎች ቀይ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ባዶ ዝርዝር ነው። ወይ ነጌቲቭ ቁጥር። ወይ ሁለት ጊዜ የተደገመ ቁጥር። እኔ አሁን ኮዱን ከመጻፌ በፊት እነዚህን ሦስቱን በኮሜንት አስቀምጣቸዋለሁ።

ቤት ወስደሽ ሥሪው የሚሉት ፕሮጀክት ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በግማሽ ቀን ያልቃል? በራሴ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ላወጣው እችላለሁ? ሁለቱም አዎ ከሆነ በደስታ። አንድ ድርጅት ግን የራሱን ምርት የሚመስል ሙሉ ገጽ ከነክፍያ ሥርዓቱ ሠርቼ እንዳመጣ፣ ከዚያም ለማንም እንዳላሳይ ጠየቀኝ። አመስግኜ ተውኩት። ያ ፈተና ሳይሆን ነፃ ጉልበት ነው።

ሰርተፍኬቶችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ስለነሱ የተጻፈው ይበቃል። ሥራችሁ የኮምፒውተር ድጋፍ ከሆነ የኮምፕቲያ ኤ ፕላስን ማስታወቂያዎች በስሙ ይጠሩታል፤ ሁለት ፈተና ነው፣ ሁለቱንም ማለፍ ያስፈልጋል። ጉግል በ2018 በኮርሴራ ላይ ያወጣው የአይቲ ድጋፍ ሰርተፍኬትም ለመነሻ ደህና ነው። ኮድ ለመጻፍ ከሆነ ግን ሰርተፍኬት አሳዪኝ ያለኝ የለም። ለዚህ የምወዳቸው ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በነፃ። የሃርቫርዱ ሲኤስ50፣ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ መጨረሻው ላይ የራሳችሁን ፕሮጀክት ካልሠራችሁ አያስጨርሳችሁም። በ2014 የተመሠረተው ፍሪኮድካምፕም ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ፕሮጀክት ስትሠሩ ነው። ወረቀቱን ማንም ባያየው ፕሮጀክቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ተለማማጅነት፣ አፕረንቲስሺፕ ወደሚባለው። ስሙ በየቦታው ስለሚለጠፍ ትክክለኛውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ሥራ ነው፤ ውል አለው፣ ደመወዝ አለው፣ የሚያስተምር ሰው አለው፣ ጊዜው ተቆርጦ የታወቀ ነው። ጀርመን ውስጥ ለምሳሌ ለሶፍትዌርና ለሲስተም የሚሰጠው የሙያ ሥልጠና በመደበኛው 3 ዓመት ይፈጃል፤ ተለማማጁ ድርጅቱ ውስጥ እየሠራ፣ እየተከፈለው፣ ጎን ለጎን የሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ብሪታኒያ ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎችን 0.5 በመቶ ለተለማማጆች ሥልጠና ታስከፍላለች። አሜሪካም ተለማማጅነትን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው በ1937 ነው። ማለትም የቆየ ነገር ነው፤ ቴክኖሎጂው ነው ዘግይቶ የመጣው።

ከማመልከቴ በፊት በኢሜይል ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሚያስተምረኝ ማን ነው፣ ስሙና የሥራ ድርሻው? ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለኛል? ሲያልቅ ካለፉት ውስጥ የሚቀጠር አለ? የሚመልስ ድርጅት አጭርም ቢሆን ጥርት ያለ መልስ ይሰጣል። የሚያድበሰብሰውን እተወዋለሁ። ለሥልጠና፣ ለላፕቶፕ፣ ለምዝገባ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቀውን ደግሞ መልስ እንኳ አልሰጠውም። ቀጣሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ኢንተርቪው በቻት ብቻ ተደርጎ በሰዓቱ ውስጥ "ተቀጥረሻል" የሚል መልዕክት ከመጣም ያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ወደምወደው።

አውትሪቺ በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ፣ ሶፍትዌር ላይ የሚያሠራ የሦስት ወር ኢንተርንሺፕ ነው። ሙሉ በሙሉ ከርቀት ነው። ይከፈልበታል፤ 7,000 ዶላር። ኮድ ብቻ አይደለም፤ ዶክሜንቴሽን፣ ዲዛይን፣ ዳታ ሳይንስም አለበት። ዊኪሚዲያ፣ ፌዶራ፣ የሊኑክስ ከርነልና የመሳሰሉ ማኅበረሰቦች ተለማማጅ ወስደውበታል። የታለመው በሚኖሩበት አገር በቴክኖሎጂው ዘርፍ ውስጥ ቁጥራቸው ላነሰና አድልዎ ለሚገጥማቸው ሰዎች ነው።

አጀማመሩ ራሱ ደስ ይለኛል። በ2006 ጂኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክት ለጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጉግል እየከፈለ ኦፕን ሶርስ ለሚያሠራበት ፕሮግራም) 181 ማመልከቻ ደረሰው፤ ከመካከላቸው አንዲትም ሴት አልነበረችም። ለሴቶች ብሎ ሌላ ዙር ሲያውጅ ከመቶ በላይ አመለከቱ። ሰዎቹ ነበሩ ማለት ነው፤ የጠራቸው ነው ያልነበረው። አውትሪቺ የሚለውን ስም ያገኘው በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ከሴቶች አልፎ ሰፍቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመግቢያ ማመልከቻ ትሞላላችሁ። አጫጭር ድርሰቶች አሉት፦ በዘርፉ ውስጥ ለምን እንደ እናንተ ያለ ሰው አነሰ፣ ስትማሩ ወይም ሥራ ስትፈልጉ ምን ዓይነት አድልዎ ገጠማችሁ የሚሉ። ለእኔ ከኮዱ የከበደኝ ይሄ ነበር። ስለራስ እንዲህ መጻፍ አለመድንም። ጓደኛዬ አንብባው "ኧረ አንቺ፣ ይሄ እኮ ስለማንም ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሴቶች ሁሉ ከምትጽፊ አንቺ ላይ የደረሰውን ጻፊ" አለችኝ። ትክክል ነበረች። አጠቃላይ ወሬውን አውጥቼ የላብራቶሪውን ነገር አስገባሁ፦ ሁልጊዜ ኪቦርዱን የሚይዘው ወንዱ፣ ማስታወሻ የምይዘው እኔ። ቀጥሎ የጊዜ ጥያቄ አለ፤ በሳምንት 30 ሰዓት መስጠት መቻል አለባችሁ። የሙሉ ቀን ሥራ ወይም የከበደ የትምህርት ጊዜ ያለው ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል፣ ይህ እውነት ነው።

ይህን ያለፈ ወደ ዋናው ይገባል። አንድ ወር ገደማ የአስተዋጽኦ ጊዜ ይባላል። የፕሮጀክቶቹ ዝርዝር ይከፈትላችኋል፤ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ቻታቸው ውስጥ ትገባላችሁ፤ ትንሽ ሥራ አንስታችሁ ትሠራላችሁ። ሜንተሮቹ፣ ማለትም የፕሮጀክቱ አስተማሪዎች፣ የሚመርጡት ይህን ሥራችሁን አይተው ነው።

የእኔን ላሳያችሁ። የፕሮጀክቱ መሣሪያ ሪፖርት ያወጣል፣ ሪፖርቱ ላይ ቀን አለ። ቀኑን ሳየው ወሩ አንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሌላ ሰው ላያየው ይችል ይሆናል፤ አካውንታንት ግን ሪፖርት ላይ ቀን ሲዛነፍ ዓይኑ ያርፍበታል። ነገሩ ቀላል ነው። ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 ነው የሚቆጥረው፤ ጃንዩወሪ 0 ነው፣ ዲሴምበር 11። ቁጥሩን እንዳለ ለሰው ካሳያችሁት አንድ ይጎድላል። ማስተካከያው አንድ መደመር ነው። አንድ መስመር። ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለውጤን ተቀበሉ የሚል ጥያቄ፣ ላክሁ፣ ለራሴም "ይሄንን ትንሽ ነገር!" እያልኩ።

ሜንተሯ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ "ይህን ስህተት እኔም ማየት እንድችል ምን ምን ላድርግ?" አለችኝ። እርምጃዎቹን ጻፍኩ። ቀጥላ "ዲሴምበር ላይስ ምን ይሆናል?" አለች። ሞከርኩት፣ 12 ወጣ፣ ደህና ነው። "እንግዲያው እሱን የሚያረጋግጥ ቴስት ጨምሪ፤ ነገ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበላሸው" አለች። ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ፣ ጽፌ አላውቅም ነበር። ጎረቤት ፋይል ውስጥ ያለውን እያየሁ ጻፍኩ። ስሙን አስተካክዪ አለች፤ አስተካከልኩ። ከዚያ ያቺ ሐምራዊ "መርጅድ" (ተቀብለን ቀላቅለነዋል) የምትል ምልክት መጣች። ከአንድ መስመር ኮድ ይህን ሁሉ ተማርኩ። ይህን ደግሞ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል፤ ጥያቄዋም መልሴም እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል።

አልተመረጥኩም። ለፕሮጀክቱ የሚፈለገው አንድ ሰው ነበር። ግን ሌላው መንገድ ፈጽሞ የማይሰጠኝን ነገር አገኘሁ፤ የበለጠችኝን ልጅ ሥራ ማየት ቻልኩ። ሁሉም ክፍት ነው። ገብቼ አነበብኩት። ያነሳቻቸው ሥራዎች ከእኔ የከበዱ ነበሩ፣ የሌሎች አመልካቾችን ኮድም እየገባች በትህትና ታግዛቸው ነበር። ከእኔ ትሻላለች። ሲቪ ልኬ "በሌላ አመልካች ለመቀጠል ወስነናል" የሚል ኢሜይል ሲመጣልኝ ያ ሌላ አመልካች ማን እንደሆነ፣ በምን እንደበለጠኝ አንድም ቀን ነግሮኝ የሚያውቅ የለም።

ያቺን የፑል ሪኩዌስት ሊንክ ሲቪዬ አናት ላይ አደረግኋት፣ ከትምህርቴ በላይ። አሁን በተለማማጅነት የምሠራበት ቡድን ኢንተርቪው ሲያደርገኝ አንደኛው ሰው ስክሪኑ ላይ ከፈታት። "አንድ ከመደመር ሌላ መንገድ አልነበረም?" አለኝ። ነበረ፤ ቀኑን ራሱ ጃቫስክሪፕት በጽሑፍ መልክ እንዲያወጣው ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን የቀረው ፋይል በሙሉ በቁጥር ስለሚሠራ እሱን ተከተልኩ አልኩት። አብዛኛው ሰዓት በዚህ አለቀ። "ደካማ ጎንሽ ምንድነው?" የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ፤ እሰይ!

እንከኑን ሳልናገር አላልፍም። የአስተዋጽኦው ወር አይከፈልበትም፤ የሚከፈለው ለተመረጠው ነው። ያን ያህል ጊዜ በነፃ መስጠት የማይችል ሰው ብዙ ነው፣ ያውም አውትሪቺ ሊደርስላቸው ከሚፈልጋቸው መካከል። ታዋቂ ፕሮጀክቶች ላይ አመልካች ይጎርፋል፤ ቀላል ሥራ ሲለጠፍ ወዲያው ይወሰዳል። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲከፈት ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸውንም ክፈቱ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ የሚሰጥ የለም፤ የሥራው ፍለጋ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ይዤ ነው አራት ኮከብ ተኩል የምሰጠው።

የአውትሪቺን መስፈርት የማያሟላ ሰው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድን ይይ። ከ2005 ጀምሮ አለ። ድሮ ለተማሪ ብቻ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ዕድሜው 18 የሞላ የኦፕን ሶርስ ጀማሪ ሁሉ ይችላል። ክፍያው እንደየአገሩ ይለያያል። እዚህ ጋ የሚመዘነው በዋናነት የምትጽፉት የፕሮጀክት ዕቅድ ነው፤ ግን አስቀድሞ ሥራ ያሳየ ሰው ዕቅዱ ይታመናል። አራት ኮከብ።

ጊዜውን ልንገራችሁና ልጨርስ። አውትሪቺ በዓመት ሁለት ዙር አለው፤ አንዱ ከሜይ እስከ ኦገስት፣ ሌላው ከዲሴምበር እስከ ማርች። ማመልከቻው የሚከፈተው ከዚያ ወራት አስቀድሞ ስለሆነ ገጻቸውን ቀደም ብላችሁ ተከታተሉ፤ ድርሰቱን በመጨረሻው ሌሊት አትጻፉት። እስከዚያው ጊትሃብ ላይ "ጉድ ፈርስት ኢሹ" (ለጀማሪ የሚሆን ሥራ) የሚል ምልክት ያላቸውን ሥራዎች ፈልጉ፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። አንዱን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። ከሥሩ "እኔ ልሥራው" ያለ ሌላ ሰው እንደሌለ፣ እና ፕሮጀክቱ ላይ የመጨረሻው ኮድ የገባው በቅርቡ መሆኑን። ባለቤቶቹ ከተዉት ቆይተው ከሆነ ምንም ጎበዝ ብትሆኑ ፑል ሪኩዌስታችሁን ከፍቶ የሚያይ አይኖርም።